አንቱ

ኢኪኬ ላይ ዝናብ የለም፤ ጉም ነው ከባሕር የሚወጣው፣
ሌሊቱን ገደሉን ዞሮ ጣሪያ ላይ ጨው የሚያመጣው።
እርስዎ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከሦስት ስክሪን ፊት ለፊት፣
የምድርን ትርታ ያደምጣሉ፣ እስኪነጋ፣ ሌሊት ሌሊት።
እኔ ከጎንዎ ተቀምጬ የማዕበል ሰንጠረዥ እሞላለሁ፣
የቦልዶ ቅጠል አፍልቼ ለሁለታችን እቀዳለሁ።

በመጋቢት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቴሌቪዥን ቀርበው ነበር፣
ሰባት ደቂቃ፣ በእርጋታ፣ ከባሕር በታች ስላለው ምድር።
ካርታውን ማን አየና! ያዩት የጆሮዎን ሉል፣
ያዩት ያገጭዎን ጥላ፣ ድምፅዎ የቱ ጋ እንደሚውል።
ከዚያ ስልክዎ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ እንደ ዓሣ ተንፈራገጠ፤
አንዱ ሰደበ፣ አንዱ ሣቀ፣ አንዱ መቃብር መረጠ፤
አንዱ የእናትዎን ቤት ጻፈ፣ ከበሩ ቀለም ጋር።

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።
እኔ ቆጠርኩ። እርስዎ አልቆጠሩም።

አንደኛውን አውቀዋለሁ፤
የዓሣ ገበያው ዶን ኤሊዬሰር፣ ለፔሊካን አንጀት የሚጥል፣
ክንፉ የተሰበረውን በሸሚዙ የሚጠቀልል።
በዚያው እጁ፣ በዚያው ጣቱ... አልደግመውም ያን ቃል፤
ወረቀት ላይ ባሰፍረው ወረቀቱ ይቃጠላል።

እኔስ ምን አልኩ? "ያልፋል" አልኩ።
ሰንጠረዤን ሞላሁ፣ በጥንቃቄ፣ እስከ ሁለተኛው ነጥብ።
ዝምታዬን እንደ ትሕትና ለበስኩት፤
ስፌቱ ግን ይታይ ነበር።

አንተ ነው፣ አንቺ ነው ሲሉ፣ በእርስዎ ላይ ሲራኮቱ፣
ከአፍ መፍቻዬ ትዝ አለኝ፣ አንድ ቃል አለን፦ አንቱ።
ወንድ ነህ ወይ ሴት ነሽ ሳይል ከወንበር የሚያስነሣ፣
ገና በሩን ሲያንኳኩ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣ።
(አልዋሽዎትም፤ ይህን ቃል እኛም እንሰስተዋለን፣
ለሽበትና ለሀብት እንጂ ለድሃ መቼ እናወጣዋለን።)
ስምዎ፣ አማሩ፣ በአይማራ እባብ ነው ብለውኛል፣
ከመሬት ሥር የሚተነፍስ።
በእኔ ቋንቋ ግን ግስ ነው።
"እሳቸው አማሩ" ብል
ሰዋስው አይሰናከልም።

በሰኔ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ መስመሩ ዘለለ።
ጣትዎ አልተንቀጠቀጠም። ሳይረኑ ጮኸ፤
ከተማው ወደ አሸዋው ኮረብታ ተመመ፣
ሕፃን በብርድ ልብስ፣ አሮጊት በወንበር፣ ውሻ በገመድ፤
የሰደበም ያልሰደበም አንድ ዳገት ወጣ።

ማዕበሉ አርባ ሳንቲሜትር ነበር።
የባሕር አንበሶቹን ሆድ አረጠበና ተመለሰ።
ነፍስ አላዳኑም እንግዲህ፤ ታሪኩ ለሐውልት አይመችም።
ደግሞስ ሰው ሰው ለመባል ከተማ ማዳን አለበት?
ሲነጋ ሌላ ስድብ መጣ፦ "በከንቱ ከእንቅልፋችን!"

ከዚያ በፊት ግን፣ ገና በጨለማው፣ የቢሮው ስልክ ጠራ።
ድምፁን ወዲያው ለየሁት። ዶን ኤሊዬሰር ነው፤
ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል።
ማን እንዳነሣለት አላወቀም።
"እባክዎ" አለ፣ "እርስዎ ያውቃሉ፤ እንውረድ?"
ኡስቴድ ነበር ያለው።
ለካ በእነሱም አፍ አለ፣ ያው ቃል፣
ፆታ ሳይጠይቅ ወንበር የሚለቅ፤
ለካ ጨለማና ፍርሃት ያስታውሱታል።

"አይውረዱ" አሉት፣ "እስኪነጋ።
ልጁን ደራርበው ያልብሱት፤ ጉሙ ብርድ አለው።"
ማንነትዎን አልነገሩትም።
ልንገረው ብዬ እጄን ዘረጋሁ፣ መልሼ ሰበሰብኩ፤
እስካሁንም አላውቅም፣ ልክ ነበርኩ?

ስልኩን ዘጉ። ሰዓቱን መዘገቡ።
ቦልዶው ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደገና አፈላሁ።
ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ
በራሴ ቋንቋ፣ የሌሊት ዘበኛው እስኪሰማ ድረስ፣
"ይጠጡ" አልኩ።